መስከረም ጠብቶ ግቢያችን በወፍ ሲሞላ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲከፈት (ፀደይ በሉት መፀው በሉት፣ ክርክሩን ለሊቃውንቱ ትቻለሁ) አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዛፍና ትንሽ ሳር ያለው ግቢ የሚኖር ሰው አላርም አያስፈልገውም። ገና ሳይነጋ አንዱ ከአጥር ላይ ያፏጫል፣ ሌላው ከጎረቤት ይመልስለታል፣ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ደሞ ያቺ ምንቃሯ ረጅም ቆልማማ የሆነው ትልቋ ወፍ እያስካካች በጣሪያ ላይ ታልፍና ያልተነሳውንም ሰው ታስነሳዋለች። ይሄ ሁሉ በነጻ ነው እኮ። ግን ወፍ እንወዳለን የምንለው ሰዎች በደግነት የምናደርጋቸው ነገሮች አሉ፣ ወፎቹን የሚያሸሹ፣ ሲብስ ደሞ የሚገድሉ። ኮንዶሚኒየም ያላችሁም አትለፉት፣ በረንዳ ላይ ያለ አበባም ወፍ ይጠራል።

የመጀመሪያው ወፎቹ በሙሉ በመስከረም "ይመጣሉ" ብሎ ማሰብ ነው። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ አይደለም። ሳር በበዛበት አካባቢ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቀውን ትንሽ ወፍ አይታችሁት ይሆናል፣ ፈረንጆቹ ቢሾፕ የሚሉት፣ እዚህ አንዳንድ ሰው የመስቀል ወፍ እሱ ነው የሚለው። ይሄ ወፍ የትም አልሄደም ነበር። ወንዱ ዝናብ ሲዘንብ ለመራቢያ ላባውን ይቀይራል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ደሞ ወደ ዥጉርጉር ቡናማ ይመለስና ከሴቷም ከድንቢጥም አትለዩትም። አመቱን ሙሉ አጠገባችን ሲለቅም ከርሞ በመስከረም "እንኳን ደህና መጣህ" እንለዋለን፣ ይስቅብን ይሆናል። በእርግጥ የሚመጡም አሉ። መስከረም ሲገባ አውሮፓ ላይ ብርዱ እየጀመረ ስለሆነ ከዛ የሚሰደዱት እዚህ ይደርሳሉ። ሳር ላይ ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች የምትሯሯጠው ሆዷ ቢጫ ወፍ (የሎው ዋግቴይል ይሏታል) አንዷ ናት፣ ቅጠል ውስጥ ሽው ሽው የምትል አረንጓዴ ቢጤ ዊሎው ዋርብለር የምትባል ደሞ አለች፣ ክብደቷ 10 ግራም ገደማ ነው፣ በዛ አካል ሰሃራን አቋርጣ ነው እናንተ ግቢ ያረፈችው። እና ለምን ልዩነቱ ይጠቅማል ብትሉኝ፣ ነዋሪዎቹ አሁን ጎጆ እየሰሩ ነው፣ እንግዶቹ ግን ምግብና እረፍት ብቻ ነው የሚፈልጉት፣ ስለዚህ ቀጥሎ የምላቸው ስህተቶች ሁሉንም እኩል አይጎዱም።

አሁን ወደ ምግቡ። የተረፈ እንጀራ፣ የደረቀ ዳቦ፣ የትላንት ሩዝ ሜዳ ላይ መበተን። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ምግብ ከሚጣል ይብሉት ነው። ነገር ግን ቆም ብላችሁ ማን እየበላው እንደሆነ እዩ፣ ቁራ፣ ርግብ፣ ማታ ደሞ አይጥ። ትንንሾቹና የሚያምሩት አካባቢው በትልልቆቹ ስለተያዘ ጭራሽ አይጠጉም። ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ለወፍ ያን ያህል ጥቅም የለውም፣ ወጥ የነካው እንጀራ ጨው አለው፣ የሻገተ ከሆነ ደሞ ሻጋታው ራሱ ያሳምማቸዋል። እኛ የማንበላውን የሻገተ እንጀራ "ለወፍ ይሆናል" ማለት መተው አለበት በቃ።

ማብላት ከፈለጋችሁ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ኑግ። ከገበያ ግማሽ ኪሎ ገዝታችሁ ለረጅም ጊዜ ትጠቀሙበታላችሁ። በጠዋት አንድ እፍኝ ያህል ዝርግ ነገር ላይ አድርጉና ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ማታ የቀረውን አንሱት አይጥ እንዳይለምድ። እቃውን በሳምንት አንዴ በሙቅ ውሃና በትንሽ በረኪና እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ በደንብ ይድረቅ። ይሄን ሰው ሁሉ ይዘላል፣ ግን ብዙ ወፍ ቀን ተቀን አንድ ትሪ ላይ እየበላ እዛው ላይ ኩሱን እየጣለ አንዱ ከታመመ ሁሉም ይታመማል።

ስለ ኑግ ካነሳን አይቀር፣ አሜሪካ ያላችሁ ይሄን ስሙ። እዛ ሱቅ ውስጥ ናይጀር ወይም ቲስል እየተባለ በከረጢት የሚሸጠው ጥቁር ቀጭን የወፍ ምግብ የኛው ኑግ ነው፣ ከኢትዮጵያም ከህንድም ይገባል። የአረም ዘር አብሮ ገብቶ እንዳይበቅል በሙቀት ታክሞ ነው የሚሸጠው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በሚያዚያ ወር ጎልድፊንች የሚባሉት ቢጫዎቹ ወፎች ተንጠልጥለው የሚለቅሙት እሱን ነው። እናታችሁ ለጾም የምትወቅጠውን ኑግ የአሜሪካ ወፍ ፋሲካ ሳይል ይበላዋል ማለት ነው። እዛ ያላችሁ አንድ ነገር ብቻ፣ ኑግ ሲቆይ ዘይቱ ይበላሽና ወፎቹ ይተዉታል፣ ስለዚህ ትልቁን ከረጢት ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ።

ቀጣዩ ከዩቲዩብ የመጣ ነው። ቪዲዮው ላይ ሀሚንግበርድ በአየር ላይ ቆማ ከቀይ ጠርሙስ ስኳር ውሃ ስትጠጣ ያያል ሰው፣ ከዛ እዚህ ማር በውሃ በጥብጦ ቀይ ከለር ጨምሮ ይሰቅላል። ሀሚንግበርድ አሜሪካ አህጉር እንጂ አፍሪካ የለችም፣ የኛዎቹ ሰንበርድ ይባላሉ፣ ሌላ ዘር ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ እንደዛ አየር ላይ አይቆሙም፣ ቅርንጫፉ ላይ አርፈው ነው ቆልማማ ምንቃራቸውን አበባው ውስጥ የሚከቱት። በውሃ የተበጠበጠ ማር ፀሐይ ላይ ቶሎ ይቦካል ይሻግታል (ጠጅ እንዴት እንደሚጣል የሚያውቅ ህዝብ ይሄ አይጠፋውም)፣ ከለሩም ምንም አይጨምርም። አበባ ትከሉላቸው። ራስ ክምር ካገኛችሁ እሱን የሚስተካከል የለም፣ ያ ብርቱካን አበባው ግንዱን ክብ ክብ እየዞረ የሚያብበው። እሬትም ይወዳሉ፣ ቀይ ሳልቪያም፣ ግቢያችሁ ቦትል ብራሽ ዛፍ ካለ ደሞ ጨርሳችኋል። ሳልቪያ በረንዳ ላይም ይሆናል።

እና እነዚህን ወፎች ስታዩ ወደ ፀሐይ ዞራችሁ ቆማችሁ እንዳትፈርዱ። ተከዜ ሰንበርድ የሚባል አለ፣ ስሙ በኛው ተከዜ ወንዝ የወጣለት፣ አዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ይታያል። ወንዱ ጭራው መሀል ሁለት ረጃጅም ላባዎች አሉት። ፀሐይ ከጀርባው ከሆነች ጥቁር ወፍ ነው፣ ምንም አይገርማችሁም። ፀሐይ እናንተ ጀርባ ሆና እሱ ላይ ስታርፍ ግን ደረቱ ወይን ጠጅ፣ ጭንቅላቱ አረንጓዴና የመዳብ አይነት ሆኖ ይነድዳል። ብዙ ሰው "እኛ ግቢ ጥቁር ወፍ ብቻ ነው ያለው" የሚለኝ የቆመበትን ቦታ ስላልቀየረ ነው። ጠዋት ፀሐይ ወደ ኋላችሁ እንድትሆን ወንበራችሁን አዙሩ፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ጽዳቱ ነው። ክረምቱ እንዳለፈ ለመስቀል ተብሎ ግቢ ይመነጠራል፣ የጥድ አጥሩ በመቀስ ይቆረጣል፣ ሳሩ ይታጨዳል፣ አደዩም ለእንቁጣጣሽ ከተቀጠፈ በኋላ የቀረው ከነሥሩ ይነቀላል። ልክ ወፎቹ እንቁላላቸው ላይ የተቀመጡበት ሰዓት እኮ ነው! አጥር ውስጥ ያለ ጎጆ ከውጪ አይታይም፣ ቆራጩም አያይም፣ ተቆርጦ ወድቆ ነው የሚታየው። አብዛኞቹ ትንንሽ ወፎች ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ወር ገደማ ይበቃቸዋል፣ አጥሩን አንድ ወር ማቆየት ማንንም አይገድልም። አከራይ የሚጨቀጭቃችሁ ከሆነ ቢያንስ ከመቆረጡ በፊት ተቀምጣችሁ ግማሽ ሰዓት እዩ፣ ወፍ ምግብ በአፏ ይዛ አንድ ቦታ ደጋግማ የምትገባ ከሆነ እዛ ጋር ጫጩት አለ፣ ያንን ቦታ ዝለሉት። አደዩም ዘር እስኪያፈራ ይቆይ፣ የደረቀው አበባ ዘር የሚለቅሙ ወፎች ማዕድ ነው፣ ትሪም ማሽላም አያስፈልግም። የሸረሪት ድርም እንደዛው፣ ከኮርኒስ ስር ያለውን ጥረጉ ግዴለም፣ ቁጥቋጦ ላይ ያለውን ግን ተዉት፣ ሰንበርዷ ያንን የምትንጠለጠል ከረጢት የመሰለች ጎጆዋን የምታጣብቀው በሸረሪት ድር ነው።

ከጽዳቱ ጋር አብሮ የሚመጣው መድኃኒት መርጨት ነው። ጎመኑ ላይ ትል ታየ፣ ጽጌረዳው ላይ ቅማል ታየ ተብሎ ማላታዮን ይረጫል። ትሉ ለጫጩት ምግብ ነው። ዘር ለቃሚ የምትሏቸው ወፎች እንኳን ብዙዎቹ ልጆቻቸውን የሚቀልቡት በነፍሳት ነው፣ አበባ የምትቀስመዋ ሰንበርድም ለልጆቿ ሸረሪትና ትንንሽ ነፍሳት ነው የምታመጣው። ስለዚህ ስትረጩ ወይ ምግባቸውን ትገድላላችሁ ወይ የተመረዘውን ትመግቧቸዋላችሁ። ለቤት የሚሆን አስር እግር ጎመን ትሉን በእጅ መልቀም ይቻላል፣ ቅማሉን በሳሙና ውሃ ማጠብ ይቻላል። የአይጥ መርዝም ሌላው ጉድ ነው፣ የተመረዘችዋን አይጥ ጉጉት ትበላታለች፣ ጭልፊትም ይበላታል፣ እነሱም ይሞታሉ፣ ከዛ አይጡ ይበዛል። ጉጉት ደግሞ ያለዚያም ሟርተኛ ናት እየተባለች በድንጋይ የምትባረር ምስኪን ናት፣ ግቢያችሁ ዛፍ ላይ ካረፈች አይጥ የምትይዝላችሁ እሷ ናት፣ ደሞዝም አትጠይቅም።

መሬት ላይ የተገኘ ጫጩት ወዲያው አንስቶ ቤት ማስገባት። ይሄ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት ነው። ላባ አውጥቶ መሬት ላይ የሚዘል ከሆነ አልወደቀም፣ መብረር እየተማረ ነው፣ እናቱ ከቅርብ ቅርንጫፍ እያየችው ነው እናንተ እስክትሄዱላት ነው የምትጠብቀው። ድመት ካለ ከፍ ያለ ቁጥቋጦ ላይ አድርጉትና ሂዱ። ላባ የሌለው ቀይ ስጋ ብቻ ከሆነ ግን ጎጆው ከታያችሁ መልሱት፣ ሰው ከነካው እናቱ ትተወዋለች የሚባለው እውነት አይደለም። ወተት ውስጥ የተነከረ ዳቦ አትስጡት፣ ወፍ ወተት አይስማማትም፣ አፉን ከፍታችሁ ውሃ ማንጠባጠብም እንዲታነቅ ማድረግ ነው።

መስታወት። በዚህ ወቅት አንድ ወፍ የመኪናችሁን ስፖኪዮ ቀኑን ሙሉ ሲደበድብ ካያችሁ አላበደም፣ ክልሉን የሚጠብቅ ወንድ ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሌላ ወንድ መስሎታል። ፌስታል አልብሱለት፣ ይሄው ነው። ሳሎን መስኮት ላይ ተጋጭተው የሚወድቁ ከሆነ ደሞ ከውጪ በኩል በየ5 ሴንቲሜትሩ ነጥብ ወይ መስመር አድርጉበት፣ አንድ ስቲከር መሀል ላይ መለጠፍ አይረዳም።

የወፍ ድምጽ ከስልክ ላይ ማጫወትም ይቅር። ለቪዲዮ እንዲጠጋ ብለው ያጫውታሉ፣ ወንዱ ሌላ ባላንጣ መጣ ብሎ ጎጆውን ትቶ ሲዞር ይውላል።

ያቺ ጭራዋ ረጅም፣ አመድማ፣ በቡድን የምትዞረዋን፣ ማውስበርድ የምትባለዋን ሰው ሁሉ ይጠላታል፣ ምክንያቱም ኮኩንም ዘይቱኑንም ሰላጣውንም ትበላለች። አልዋሽም፣ ትበላለች። ግን በወንጭፍ መምታትና ወጥመድ ማድረግ ምንም አያመጣም፣ ነገ ሌላ ቡድን ይመጣል። ሰላጣውን ጥቅጥቅ ባለ መረብ ወጥራችሁ ሸፍኑ (ላላ ያለ ከሆነ ይጠልፋቸዋል)፣ ፍሬውን የተወሰነውን በወረቀት ከረጢት እሰሩ፣ የቀረውን ተዉላቸው። ጠዋት በብርዱ ሆዳቸውን ወደ ፀሐይ ሰጥተው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ሲሞቁ ካያችኋቸው ንዴታችሁ ትንሽ ይበርድላችኋል፣ በዛ ሙቀት ነው የበሉትን ቅጠል የሚፈጩት፣ የእናንተ ሰላጣም እዛ ውስጥ አለ።

ስም ለማወቅ መቸኮልም አለ። ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ "ይሄ ምንድነው" ብሎ በከለር ብቻ መፍረድ ያሳስታል፣ ሴትና ወንድ ይለያያሉ፣ ልጅና አዋቂ ይለያያሉ። መርሊን የሚባለውን ነጻ አፕ ዋይፋይ ስታገኙ አውርዱት፣ ግን ከሱ በፊት ምንቃሩን እዩ፣ አጭር ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን፣ ምን እየበላ ነው፣ መሬት ላይ ነው ወይስ ዛፍ ጫፍ። እነዚህን ካላችሁ አፑ የሚያቀርብላችሁን አማራጭ ራሳችሁ መጣል ትችላላችሁ።

የቀረው ውሃ ነው። በመስከረም ውሃ ማስቀመጥ ብዙ ለውጥ አታዩበትም፣ መሬቱ ገና ርጥብ ነው፣ ኩሬውም አልደረቀም። ስህተቱ "ማንም አልጠጣም" ብሎ ሳህኑን በጥቅምት ማንሳት ነው። ህዳር ላይ ሲደርቅ ነው ወረፋ የሚይዙት። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይብቃ፣ መሀሉ ላይ መቆሚያ ድንጋይ ጣሉበት፣ ከቁጥቋጦ ሁለት ሶስት ሜትር ራቅ ይበል ድመት ተደብቃ እንዳትዘል፣ በየሁለት ቀኑ ድፉና ቀይሩት አለበለዚያ የወባ ትንኝም ባይሆን ሌላ ትንኝ ታረባላችሁ፣ ከዛ ጎረቤት መጥቶ ይከሳችኋል።