በዛፍ ጥላ ስር አረንጓዴ የሚሆን ፊት፦ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ሀዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሙሽሮች የሚያነሳ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ጥላው ለስላሳ ነው፣ ብርሃኑ ያምራል፣ ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን አገጭ ስርና አንገት ላይ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል። ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ሰውየውን የታመመ ያስመስለዋል።

ምክንያቱ ቅጠሉና ሣሩ ነው። ከላይ በቅጠል መሀል ያለፈ፣ ከታች ደግሞ ከሣሩ የተንጸባረቀ ብርሃን ፊት ላይ ያርፋል። ኦቶ ዋይት ባላንስ (ካሜራው ራሱ ቀለሙን የሚያስተካክልበት) ብቻውን አይበቃም፤ በሐይቁ በኩል ያለው ጉንጭ የሰማዩን ሰማያዊ ሲያገኝ በሣሩ በኩል ያለው አረንጓዴ ነው፣ አንድ ማስተካከያ ሁለቱንም አያድንም።

የሠራልኝ ይኸው። ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) አነሳሁ። ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ ከቴምፕሬቸር (ከሰማያዊና ቢጫ ማስተካከያው) በፊት ቲንትን (የአረንጓዴና ማጀንታ ማስተካከያውን) ነካሁ፤ አረንጓዴን የሚያጠፋው ወደ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ) መሄድ ነው። መለኪያዬ የሙሽሪት ነጠላ ነበር፣ ነጩ ነጭ እስኪመስል ድረስ። አንገትና አገጭ ስር ለቀረው በብሩሽ ማስክ (የሚስተካከለውን ቦታ ብቻ በብሩሽ ቀብቶ መምረጫ) ለብቻው ጥቂት ማጀንታ ጨመርኩ፣ ሳቹሬሽኑንም (የቀለሙን ድምቀት) ትንሽ ቀነስኩ። እባካችሁ፣ እግረ መንገዳችሁን ቆዳውን ነጭ አታድርጉት! ጠይሙ ጠይም ይሁን።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ኤዲቲንጉ አይደለም። ከወገብ በላይ ሳነሳ ከፊታቸው ሣሩ ላይ ነጭ አንሶላ እዘረጋለሁ። አረንጓዴውን ይሸፍናል፣ ንጹሕ ብርሃንም ወደ ፊት ይመልሳል። አሁን ማስክ የምሠራው ከስንት አንዴ ነው።