ክሪኤቲቭ አርትና ዲጂታል ሚዲያ ስትማሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግራፊክ ዲዛይን፣ ቪዲዮ፣ አኒሜሽን፣ ፎቶግራፍ፣ የድረ ገጽ ዲዛይን... ኮሌጁ ስሙን ምንም ይበለው፣ በዚህ ዘርፍ ተማሪ የሚቸገረው ብዙ ጊዜ ተሰጥኦ አንሶት አይደለም። ሁሉንም ነገር ዘግይቶ ስለሚያየው ነው። ሥራውን ለሰው የሚያሳየው በመጨረሻው ሰዓት ነው፣ ወረቀት ላይ የሚያትመው በማስረከቢያው ዋዜማ ነው፣ ድምፁን በደንብ የሚያዳምጠው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመጡ ናቸው። የሚያናድዱኝን ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ፣ ሌሎቹን ቶሎ አልፋቸዋለሁ።

ሶፍትዌር መማርን ሙያ ከመማር ጋር ማምታታት

አዲስ ገቢ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱን ፕሮግራም ልማር?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ችግሩ ብዙዎች እዚያው ይቀራሉ። ቱቶሪያል ከፍተው ሰውዬው የነካውን ሁሉ እየተከተሉ ይነካሉ፣ መጨረሻ ላይ ልክ እንደሱ የሚያበራ ጽሑፍ ወይም የሚሽከረከር ሎጎ ይወጣላቸዋል፣ ደስ ይላቸዋል፣ ከዚያ ባዶ ገጽ ሲሰጧቸው ድርቅ ይላሉ።

ፍላሽን አስታውሱ። በአንድ ወቅት የድረ ገጽ አኒሜሽንና ጌም ሲባል ፍላሽ ነበር። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ለፍላሽ ማጫወቻው የሚሰጠውን ድጋፍ አቋረጠና ነገሩ ከብሮውዘሮች ጠፋ። የዚያን ፕሮግራም ሜኑ ብቻ ሸምድዶ የኖረ ሰው ከዜሮ ጀመረ። አንድ ገጸ ባሕርይ ከመዝለሉ በፊት ጎንበስ እንደሚል፣ ከባድ ነገር ሲወድቅና ቀላል ነገር ሲወድቅ ጊዜው እንዴት እንደሚለያይ የገባው ሰው ግን ሌላ ፕሮግራም ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ። ስለዚህ ቱቶሪያል ስትጨርሱ ዝጉትና በራሳችሁ ይዘት ከመጀመሪያው ሥሩት። ካቃታችሁ ገና አልተማራችሁትም፣ ቀድታችሁት ነው።

«ጥሩ ፕሮግራም መግዛት ስለማልችል ነው» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ለ3ዲ አኒሜሽን ብሌንደር በነጻ ይወርዳል፣ ኮዱም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካርን ያሸነፈው ሥራ የተሠራው በሱ ነው። ለሥዕል ክሪታ፣ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለቬክተር (ሲለጠጥ ለማይፈዝ ሥዕል) ኢንክስኬፕ አሉ። ለቪዲዮ ደግሞ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂ አለው፤ ኮምፒውተር ላይ ከበድ ይላል እንጂ ለተማሪ ከበቂ በላይ ነው። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ጭኖ በማስረከቢያው ሳምንት ከቫይረስ ጋር መታገል ምን ይሉታል?

ረቂቅን መደበቅ

ለኔ ትልቁ ይሄ ነው። ተማሪው ለሳምንታት ዝም ይላል፣ «ገና አላለቀም» ይላል፣ ከዚያ አንድ ያለቀለት ነገር ይዞ ይመጣል። መምህሩ «እንዴት እዚህ ደረስክ?» ሲለው መልስ የለም። አብዛኞቹ የጥበብና የዲዛይን ኮርሶች ውስጥ ነጥብ የሚሰጠው ለመጨረሻው ፋይል ብቻ አይደለም፤ ስኬቹ፣ ጥናቱ፣ የተጣሉት ሐሳቦች፣ ለምን እንደተጣሉ የተጻፈው ማስታወሻ፣ ሁሉም ይታያል። የአሳይንመንቱን ወረቀትና የነጥብ አሰጣጡን ሳያነቡ ሥራ የሚጀምሩ ስንት ናቸው! እስቲ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ እያንዳንዱ ነገር ስንት ነጥብ እንደሚይዝ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ረቂቅ የሚያስፈልገው ለነጥብ ብቻም አይደለም። መጀመሪያ የመጣላችሁ ሐሳብ ለሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ነው። «ነጻነት» የሚል ርዕስ ለክፍሉ ስጡ፤ ግማሹ ወፍ ይስላል፣ ግማሹ የተበጠሰ ሰንሰለት። «ጊዜ» ሲባል ሰዓት። «ብቸኝነት» ሲባል መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ልጅ። እነዚህን ከራሳችሁ የምታወጡት ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ስታልፏቸው ብቻ ነው። አንድ ወረቀት ላይ የክብሪት ሳጥን የሚያህሉ ሃያ ሳጥኖች ሥሩና በእያንዳንዱ ውስጥ የተለየ ሐሳብ በፍጥነት ሳሉ። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው አካባቢ ሐሳብ ያልቅባችኋል፣ ትሰለቻላችሁ፣ መነሳት ያምራችኋል። እዚያ ጋ አትነሱ። የማታውቁት የራሳችሁ ነገር ከዚያ ወዲያ ነው የሚመጣው። አስቀያሚ ስኬች ችግር የለውም፤ ቀን ጽፋችሁበት ፎቶ አንሱትና አስቀምጡት።

ክሪቲክ ላይ ጠበቃ መሆን

ሥራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ክፍሉ ሁሉ የሚተችበት ሰዓት ማንንም ያስጨንቃል። አንዷ የኮንሰርት ፖስተር ሰቀለች እንበል። አንዱ «ቀኑ የት ነው?» ይላታል። «እሱማ ሆን ብዬ ነው፣ ጊታሩ ላይ ካለው መስመር ጋር አዋህጄው ነው፣ ቀረብ ብለህ ካየኸው...» ብላ አምስት ደቂቃ ታስረዳለች። ጥሩ፣ እሱ ገባው። ፖስተሩ መንገድ ላይ ሲለጠፍ ግን እሷ አጠገቡ ቆማ አታስረዳም። ሰው ቀኑን ካጣው ቀኑ የለም ማለት ነው።

የሚሻለው አፍን ዘግቶ መጻፍ ነው። ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው አስተያየት ከሁለትና ሦስት ሰው እንደተደገመ። ሰዎች «እዚህ ጋ ቅር ብሎኛል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው፤ «እንዲህ ብታደርገው» ሲሉ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። የመጀመሪያውን ተቀበሉ፣ መፍትሔውን ራሳችሁ ፈልጉ። እናንተም የሌላውን ስታዩ «ያምራል» ብላችሁ አትለፉ። «ያምራል» ማንንም አይረዳም፤ ዓይናችሁ መጀመሪያ የት እንዳረፈና የት እንደጠፋባችሁ ንገሩት።

ስክሪንን ማመን

ስክሪን ቀለምን የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ማተሚያ ደግሞ በቀለም ነው የሚሠራው፤ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ስክሪን ላይ የሚያበራው ደማቅ ሰማያዊ ወይም የሚጮኸው አረንጓዴ በአራቱ ቀለም ጨርሶ ላይገኝ ይችላል። ተማሪው ይህን የሚያውቀው ማተሚያ ቤት ቆሞ፣ ወረቀቱ ደብዝዞ ሲወጣ፣ ለኤግዚቢሽኑ አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው። የሚታተም ሥራ ከሆነ ፋይሉን ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ (በነዚሁ አራት የማተሚያ ቀለሞች) ተመልከቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራው ግማሽ ላይ ሳለ አንድ ትንሽ ናሙና አሳትሙ።

መጠንም አለ። በቅርብ የሚነበብ ኅትመት በተለምዶ በኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል። ኤ4 ወረቀት በዚህ ሒሳብ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት 800 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በዚህ ጥራት 7 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ ገጹን እንዲሞላ ስትለጥጡት መፍዘዙ የግድ ነው። ጠርዝ ድረስ የሚሄድ ቀለም ካለ ደግሞ ለመቁረጫ 3 ሚሊሜትር ገደማ ትርፍ ተዉ፣ ካልሆነ ነጭ መስመር ይወጣል።

ለስክሪን የሚሠራም አያመልጥም። ሰፊና ብሩህ ሞኒተር ላይ ያማረ ቀጭን ግራጫ ጽሑፍ ስልክ ላይ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ሲከፈት አይነበብም። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ (WCAG) ለተራ ጽሑፍ በጽሑፉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 ኮንትራስት (የብርሃን ልዩነት) ይጠይቃል፤ ይህን የሚለኩ ነጻ መሣሪያዎች ሞልተዋል፣ አንድ ደቂቃ አይወስዱም።

ድምፅን ችላ ማለት

ካሜራ ላይ ሌንስ እየቀያየረ ሰዓት ያቃጠለ ተማሪ ድምፁን በካሜራው ማይክ ይቀዳዋል። ተመልካች ትንሽ የጨለመ ምስል ይችላል፤ የሚያስተጋባ፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገስም፣ ይዘጋዋል። ማይኩን ወደ ተናጋሪው አስጠጉ፤ ርካሽ ማይክ ቅርብ ሆኖ ውድ ማይክ ከራቀበት ይበልጣል። ስትቀርጹ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ ምክንያቱም የፍሪጁን ጉምጉምታና የማራገቢያውን ድምፅ ጆሯችን ለምዶ ይዘለዋል፣ ማይክ ግን አይዘለውም። ቀረጻ ሲያልቅ ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ቅዱ። ኤዲት ስታደርጉ በቁርጥራጮቹ መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት የምትደፍኑት በሱ ነው።

እግረ መንገዴን፦ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) የምትቀርጹ ከሆነ ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አካባቢ አድርጉት። አውቶ ላይ ከተዋችሁት ፀሐይ ላይ ሲወጣ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፣ ለምን እንደሆነም አታውቁም።

ፋይል አያያዝና የሬንደር ሒሳብ

«ፋይናል»፣ «ፋይናል2»፣ «እውነተኛው ፋይናል»። ሁላችንም አይተናል። ቀንና የቅጂ ቁጥር ስሙ ላይ አስገቡ፣ ጥሬ ቀረጻውን፣ የፕሮጀክት ፋይሉንና የወጣውን ቪዲዮ በየፎልደሩ ለዩ። ፕሮጀክቱ የሚጠራውን ቪዲዮ ከፍላሽ ዲስክ ላይ ቀጥታ ጎትታችሁ ካስገባችሁና ፍላሹን ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ነገ ታይምላይኑ ሙሉ ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የመጠባበቂያ ቅጂ ደንቡ ቀላል ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት የተለያየ ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ከኮምፒውተራችሁ ጋር አብሮ የሚናበብ የክላውድ ፎልደር ብቻውን አይበቃም፤ እዚህ የሰረዛችሁት እዚያም ይሰረዛል።

አኒሜሽን የምትሠሩ ደግሞ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩት። በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ 10 ሰከንድ 240 ምስል ነው። አንዱ ምስል ሬንደር ለመሆን (ኮምፒውተሩ አስልቶ የመጨረሻውን ምስል ለማውጣት) ሦስት ደቂቃ ከወሰደ 720 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ሰዓት። ያውም ስህተት ካልተገኘ! ማስረከቢያው ጠዋት ከሆነና እናንተ ማታ «ሬንደር» የምትለዋን ከተጫናችሁ አለቀላችሁ። ደግሞ ቀጥታ ወደ ቪዲዮ ሳይሆን ወደ ተከታታይ ምስሎች አውጡት። መብራት ሲጠፋ ካቆመበት ትቀጥላላችሁ፤ ያላለቀ የቪዲዮ ፋይል ግን አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም።

«ክሬዲት ሰጥቻለሁ» ብሎ የሰው ሥራ መጠቀም

ስም መጥቀስ ፈቃድ አይደለም። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባሉት፣ ባለቤቱ ሥራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት ቀድሞ የሚሰጣቸው ፈቃዶችም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ለንግድ አትጠቀሙ ይላል፣ አንዳንዱ መለወጥ ይከለክላል። መለወጥ የተከለከለን ሙዚቃ ከቪዲዮ ምስል ጋር ማጣመር ራሱ እንደ መለወጥ ይቆጠራል፤ ይህን ሳያውቁ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። ፎንትም እንደዛው ነው። «ለግል ጥቅም ነጻ» የሚለው ፎንት ለኮሌጅ ልምምድ ቢያልፍም ነገ ለደንበኛ የምትሸጡት ሎጎ ላይ ሲገባ ጣጣ ያመጣል። ያወረዳችሁትን ሁሉ ከነሊንኩና ከነፈቃዱ አንድ ፋይል ላይ በዕለቱ መዝግቡ፣ ከወር በኋላ አታገኙትም።

ስለ ኤአይ፦ የኮሌጃችሁንና የአሳይንመንቱን ደንብ አንብቡ፣ ከተጠቀማችሁ የት ላይ እንደተጠቀማችሁ ጻፉ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮም ሙሉ በሙሉ በማሽን የተፈጠረ፣ የሰው ፈጠራ የሌለበት ምስል የቅጂ መብት አያገኝም ብሏል። ሃያዎቹን የክብሪት ሳጥኖች ማሽን ከሞላላችሁ ደግሞ ክሪቲክ ላይ ለምን ይህን እንደመረጣችሁ ስትጠየቁ የምትሉት አይኖርም።

የታሪክና የቲዎሪ ክፍለ ጊዜን መዝለል

አሰልቺ አስተማሪ ሊኖር ይችላል፣ አልክድም። ግን ስለ ሥራው ሁለት ገጽ በግልጽ መጻፍ ያቃተው ዲዛይነር ለደንበኛ ሐሳቡን መሸጥም ያቅተዋል። ግቡ።

ፖርትፎሊዮን (ለቀጣሪ የምታሳዩትን የሥራ ስብስብ) ለመመረቂያው ዓመት ማቆየት

እስከዚያ ድረስ ግማሹ ፋይል ይጠፋል፣ ግማሹ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ቅጂ ብቻ ይተርፋል። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ሁለት ሥራ መርጣችሁ፣ ከረቂቃቸው ጋር፣ በሙሉ ጥራት አስቀምጡ። ሲሰበሰብ ደግሞ ሁሉንም አታጭቁት። ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ያየውን ደካማ ሥራ ሊሆን ይችላልና፣ የምታመነቱበትን አውጡት። በቡድን የተሠራ ከሆነ የናንተን ድርሻ በግልጽ ጻፉ፤ «ኤዲቲንግና ድምፅ የኔ ነው፣ ቀረጻው የጓደኞቼ» ማለት አያሳንስም። ሙሉውን እንደራስ ማቅረብ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ መብራት አቀማመጡ ሲጠየቅ ይጋለጣል። ከመላካችሁ በፊት የፖርትፎሊዮውን ሊንክ ከራሳችሁ አካውንት ወጥታችሁ፣ በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። «ለመግባት ፈቃድ ይጠይቁ» የሚል ገጽ የሚያይ ቀጣሪ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ወደሚቀጥለው አመልካች ያልፋል።