ሊኑክስ አልስማማ ያለው ኮምፒውተር፦ ችግርና መፍትሄ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ያገለገለ ላፕቶፑን ይዞ ደሴ ፒያሳ ወዳለችው የጥገና ክፍሌ የሚመጣ ሰው አብዝቶ የሚጠይቀኝ በዊንዶውስ ምትክ ስለሚጫነው ነጻ ሲስተም፣ ስለ ሊኑክስ ነው። ራሱ ሞክሮ ያልተሳካለትም ብዙ ነው። እስካሁን ካየኋቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሊኑክስ ጉድለት ሳይሆኑ የምርጫ ስህተት ነበሩ፤ ሰው ስሙን ደጋግሞ የሰማውን ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ይጭናል እንጂ ኮምፒውተሩ የሚችለውን አስቀድሞ አያይም።

ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ነገር ግን ይንቀራፈፋል

አንድ ተማሪ ከኮምቦልቻ 4 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ያለው ላፕቶፕ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ሊኑክስ ቀላል ነው ተብዬ ነበር እኮ» አለኝ። የጫነው ኡቡንቱ 24.04 የተባለውን ዲስትሮ ነበር። ሲስተም ሞኒተርን ከፍተን ስናይ፣ አንድም ፕሮግራም ሳይከፈት ከ1 ጊጋባይት በላይ ራም ተይዟል። ፋየርፎክስን ከፍቶ ገጾችን መደራረብ ሲጀምር ከላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ያለችው የሃርድ ዲስክ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ ቦግ ብላ ቀረች፤ የማውሱም ቀስት ባለበት ደረቀ። ራሙ ሲሞላ ሲስተሙ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ስለሚያወርድና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከራም ጋር በፍጥነት ስለማይቀራረብ፣ ማሽኑ ከዚያ በኋላ የሚውለው ዕቃ ሲያመላልስ ነው።

ኡቡንቱ ይዞት የሚመጣው ግኖም የተባለው ዴስክቶፕ ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ይከብዳል። ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ያለው ሊኑክስ ሚንት ወይም ሉቡንቱ ይሻለዋል፤ ራሙ 2 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ደግሞ አንቲክስን እመርጣለሁ። ይሁን እንጂ ከቀላል ዲስትሮ ተአምር አይጠበቅም። የሚያተርፈው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ሲሆን፣ ብሮውዘሩ የትም ቢሄድ ያው ብሮውዘር ነው። ገንዘብ ከተገኘ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) መቀየር ከየትኛውም የዲስትሮ ምርጫ የበለጠ ለውጥ ያመጣል፤ ተማሪውም ሚንትን አስጭኖ ከሄደ በኋላ ኤስኤስዲ ገዝቶ ተመልሷል።

ፍላሹ ተሰክቶ መጫኑ ገና ሳይጀመር ይቆማል

ስክሪኑ ላይ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት አለመሆኑን የሚገልጽ መልእክት ከወጣ፣ ምክንያቱ የማሽኑ ዕድሜ ነው። ኡቡንቱ ለ32 ቢት (ለአሮጌው የፕሮሰሰር ዓይነት) ማሽኖች የሚጫን ዴስክቶፕ ማዘጋጀት ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ሌላው ዲስትሮ ዴቢያን 13ም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ለእነዚህ ማሽኖች ዴቢያን 12 ወይም የ32 ቢቱ አንቲክስ ይሆናል። ነገር ግን የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ስለሆነ ብቻ ፕሮሰሰሩም 32 ቢት ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ በዊንዶውሱ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ሲስተሙ በሚገልጸው ገጽ ላይ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ለብቻው ተጽፎ ይገኛል።

ዋይፋዩ አይታይም

ብሮድኮም የሠራው የዋይፋይ ካርድ ባለባቸው አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ካርዱ አልተበላሸም፤ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር (ድራይቨሩ) ነጻ ሶፍትዌር ባለመሆኑ ከብዙ ዲስትሮዎች ጋር ተጭኖ አይመጣም። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ለኢንተርኔቱ ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ስልክ ነው፦ አንድሮይድ ስልክን በኬብል አገናኝተው የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ የሚያጋራውን የዩኤስቢ ቴተሪንግ ካበሩት ሊኑክሱ ወዲያውኑ ኢንተርኔት ያገኛል። ከዚያ በሚንት ድራይቨር ማናጀርን ከፍቶ የቀረበውን ድራይቨር መምረጥ ብቻ ይቀራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይጫን በፊት ከፍላሹ ላይ አስነስቶ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና የስክሪኑን ብርሃን መሞከር ነው።

ፓኬጁ በአጭር ጊዜ ያልቃል

እኛ ዘንድ ብዙው ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከስልኩ ፓኬጅ ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ ዲስትሮ ሲመረጥ ከራም እኩል መታየት አለበት እላለሁ። አርች ሊኑክስ ያለማቋረጥ የሚታደስና ለእድሳቱም ፓኬጅ የሚበላ ሲሆን፣ ፌዶራ ደግሞ በየ6 ወሩ አዲስ እትም ያወጣና እያንዳንዱን 13 ወር ያህል ብቻ ይደግፋል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ያልተገደበ መስመር ላለው። ለሌላው እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚደገፈው ሊኑክስ ሚንት 22 ይበቃል። ዴቢያንን የሚመርጥ ሰው ደግሞ ትንሿን የኔትወርክ መጫኛ ፋይል በመጠኗ አይታለል፤ ፋይሏ ያነሰችው የቀረውን ዴስክቶፕ በመጫን ላይ እያለች ከኢንተርኔት ስለምታወርድ ነው። መጫኑ ግማሽ ላይ ሳለ ፓኬጁ ካለቀ ወይም መብራት ከጠፋ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል

ልዩነቱ 6 ሰዓት ቢሆን ኖሮ የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ነው ባልን ነበር። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ላይ የሚያስቀምጠው ዓለም አቀፉን ሰዓት ሲሆን፣ ዊንዶውስ ግን ያንኑ እንደ አገር ውስጥ ሰዓት ያነበዋል፤ ኢትዮጵያም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ሁለቱን ጎን ለጎን የጫነ ሰው ሊኑክሱ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገር ውስጥ ሰዓት እንዲቆጥር ያስተካክላል። ለዚህ ሲባል ዲስትሮ መቀየር አያስፈልግም።