የሞተር ጓንት ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰው ከሞተር ሲወድቅ ቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነው። አስቦበት አይደለም፤ ሰውነት በራሱ ያደርገዋል። በፍጥነት እየሄደ ቢወድቅም፣ መብራት ላይ ቆሞ ሚዛን ቢስትም፣ አስፋልቱን መጀመሪያ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ መዳፉ ነው። ስለዚህ ጓንት ስንገዛ ቅድሚያ የሚታየው መዳፉ ነው። ቀጥሎ የእጅ አንጓው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ገበያ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ጀርባውን ብቻ አይቶ መግዛት

ሻጭ ጓንት የሚያሳየው በጀርባው በኩል ነው። ቡጢ ስንጨብጥ ጎላ ብለው የሚወጡት ጉልጥምቶች በጠንካራ ጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍነዋል። ዓይን ይገባል። ጥንካሬውም እዚያ ያለ ይመስላል። እስቲ ገልብጡት። ብዙ ጊዜ መዳፉ ያልተደረበ ስስ ጨርቅ ነው፤ ወደ ብርሃን ከፍ ስታደርጉት የሚያሳልፍም አለ።

ጥሩ ጓንት መዳፉ ላይ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ቆዳ አለው። በተለይ የመዳፍ ግርጌን እዩት፤ ከአውራ ጣትና ከትንሿ ጣት በታች ያለውን ወፈር ያለ ሥጋ የሚሸፍነውን ቦታ ማለቴ ነው። እዚያ ላይ ልሙጥና ጠንካራ ፕላስቲክ የተሰፋባቸው ጓንቶች አሉ። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ሥራው መዳፉ አስፋልት ላይ ተይዞ እንዳይቀር ማንሸራተት ነው። መዳፍ ሲያዝ ሰውነት ግን ወደፊት መሄዱን አያቆምም። ያን ጊዜ የእጅ አንጓ ወደ ኋላ ይታጠፍና አጥንት ይሰበራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ብዙ ሰው ስለሚጎዳ። በአውራ ጣት በኩል፣ አንጓው ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ አጥንት አለች። እጅ ዘርግቶ በመውደቅ ብዙ ጊዜ የምትሰበረው እሷ ናት። ደም በደንብ ስለማይደርሳት ቶሎ አትጠግንም። ስብራቷ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይም ይችላል። እብጠቱም ያን ያህል አያስፈራም። ስለዚህ «ወለምታ ነው» ይባልና ወጌሻ ጋ ይኬዳል። መታሸቱ ለተሰበረ አጥንት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ስትወጥሩት ከሥሩ ስርጉድ የሚል ቦታ አለ። ከውድቀት በኋላ እዚያ ላይ ሲነካ የሚያም ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ራጁ ምንም ባያሳይም ሕመሙ ካልለቀቀ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሳችሁ ታዩ።

የሞተር ያልሆነ ጓንት ማጥለቅ

የላስቲክ ነጠብጣብ ያለው የጥጥ ጓንት ብሎኬት ለመሸከም ጥሩ ነው። አስፋልት ላይ ግን ወዲያው ይተረተራል። ናይለኑ ደግሞ ይብሳል፤ በፍትጊያው ሙቀት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ሰልባጅ ተራ የሚገኘው ወፍራም የበረዶ ስፖርት ጓንትም ብዙ ሰው ያሳስታል። ይሞቃል፣ ወፍራም ነው፣ ርካሽ ነው። ውፍረቱ ግን ስፖንጅ ነው። የተሠራው ከብርድ ለመከላከል እንጂ ከአስፋልት አይደለም።

ቆዳ ሁሉም አንድ አይደለም። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለዘናጭና ለጎልፍ ጓንት በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ያ ስስነት ግን ለሞተር አይሆንም። የፍየል ቆዳ ሳይወፍር ይጠነክራል፤ ጣት እንደልብ ያንቀሳቅሳል። የባቲ ፍየል ቆዳ በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ ስም ያለው ነው። ጥሩ የቆዳ ባለሙያ የምታውቁ ከሆነ በፍየል ወይም በላም ቆዳ ማሰፋት ይቻላል። መዳፉ ድርብ ይሁን። ክሩ የጥጥ አይሁን። ስፌቱም በሁለት መስመር ይሂድ፤ ቆዳው ምንም ቢጠነክር ስፌቱ ከተተረተረ ጓንቱ አለቀለት።

በውስጥ ያለውን ጽሑፍ አለማንበብ

አውሮፓ ለሞተር ጓንት ያወጣችው መስፈርት ኢኤን 13594 (EN 13594) ይባላል። ያሟላ ጓንት በውስጡ በተሰፋው ጨርቅ ላይ የሞተረኛ ሥዕልና ይህ ቁጥር አለው። ከሥዕሉ ጎን 1 ወይም 2 ይጻፋል። ደረጃ 1 መዳፉ በመሸርሸሪያ ማሽን ላይ ሳይበሳ ቢያንስ 4 ሰከንድ መቆየት አለበት፤ ደረጃ 2 ደግሞ 8 ሰከንድ። ደረጃ 2 ከአንጓው አልፎ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር መሸፈን ይጠበቅበታል፤ ለደረጃ 1 ግን 15 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የጉልጥምቱ መከላከያ ተፈትኖ ካለፈ «ኬፒ» (KP) የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጨመራሉ። እነሱ ከሌሉ ያ ዓይን የገባው ፕላስቲክ በፈተና ስለማለፉ ምንም ማስረጃ የለም።

«ሲኢ» (CE) የሚባለው አጠቃላይ የአውሮፓ ምልክት ብቻ የታተመበት ጓንት በቂ አይደለም። ለቤት ሥራ የሚሆን ጓንትም «ሲኢ» ሊኖረው ይችላል። ቁጥሩንና ሥዕሉን ፈልጉ። ለከተማ ውስጥ ሥራ ደረጃ 1 ይበቃል ባይ ነኝ። አገር አቋራጭ ለሚነዳ ግን 2ን እመርጣለሁ።

አንጓ ላይ የማይታሰር ጓንት መግዛት

ይህኛው ሱቅ ውስጥ በአንድ ደቂቃ ይፈተሻል። ጓንቱን አጥልቁና ማሰሪያውን አጥብቁ። አብሯችሁ ያለ ሰው የጣቶቹን ጫፍ ይዞ ወደ ፊት ይሳብ። ከወጣ፣ ስትወድቁም ይወጣል። ላስቲክ ብቻ ያለው ጓንት እንደ ካልሲ ተገልብጦ ሲወልቅ ታያላችሁ። አንጓውን ዞሮ የሚይዝ ማሰሪያ የሌለውን ጓንት በነፃ ቢሰጧችሁም ለሞተር አትጠቀሙበት።

ልክን በግምት መያዝ

ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ ጓንት ሲያመጣ የሚነገረው ልክ አብዛኛውን ጊዜ «ላርጅ» ነው። የአንዱ ፋብሪካ ላርጅ ለሌላው ሚዲየም ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር አውራ ጣትን ሳትጨምሩ የመዳፋችሁን ዙሪያ በጉልጥምቶቹ ላይ ለኩና በሴንቲ ሜትር ላኩለት። የምትለኩት በብዛት የምትሠሩበትን እጅ ይሁን። 20 ሴንቲ ሜትር ግድም ከሆነ ብዙ ጊዜ 8 ቁጥር ነው። ቢሆንም የፋብሪካውን ሰንጠረዥ ያይላችሁ።

ሱቅ ውስጥ ስትለኩ እጃችሁን ዘርግታችሁ አትዩት። ሞተር ላይ ሆናችሁ መሪ ጨብጡ። ፍሬንና ፍሪሲዮን በሁለት ጣት ያዙ። መዳፉ ላይ ጨርቁ ከተጨማደደ ሰፍቷችኋል፤ ነዳጅ ስትሰጡ ስሜቱ ይጠፋል። የጣታችሁ ጫፍ ከተጫነ ጠቧችኋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጃችሁ ይደነዝዛል። ቆዳ በጊዜ ትንሽ ይለቃል፤ ጨርቅ ግን እምብዛም አይለቅም።

በአንድ ጓንት ክረምት ከበጋ መንዳት

ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ የሚነዳና ሰመራ ላይ በቀትር የሚነዳ አንድ ዓይነት ጓንት ሊያጠልቁ አይችሉም። በብርድ የደነዘዘ ጣት ፍሬን ላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ቆላ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፦ ወፍራሙ ጓንት ስለሚያልብ ወልቆ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ለቆላ በጀርባውና በጣቶቹ መካከል ቀዳዳ ያለው ቆዳ ምረጡ፤ መዳፉ ግን አይበሳ።

በክረምት ብዙ ልጆች ጓንቱ ላይ ፌስታል ያጠልቃሉ። ፌስታል የፍሬን እጀታ ላይ ያንሸራትታል። ስስ የሕክምና ጓንት ከውስጥ ማጥለቅ ይሻላል፤ ውጭው ቢረጥብም እጅ ይደርቃል። የረጠበ የቆዳ ጓንት ከሰል ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ አታድርቁ። ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ ነፋስ ይምታው።

ጣቱን መቁረጥ

ዕቃ የሚያደርሱ ልጆች ስልክ ለመንካት ብለው የአውራ ጣቱንና የሌባ ጣቱን ጫፍ በመቀስ ይቆርጡታል። ስፌቱ ከዚያ ጀምሮ መተርተር ይጀምራል። ጫፉ ስልክ የሚነካ ጓንት አለ፤ ዋጋው ከሌላው ብዙም አይርቅም። ካልተገኘ ቆማችሁ አውልቁና አንሱ።

አንዴ አስፋልት ያየ ጓንት ሳይፈተሽ መልሶ አይታመንም። ከላይ ደህና ቢመስልም ስፌቱን በጣታችሁ ግፉት፤ ብርሃን ካሳየ ቀይሩት። ከኋላ ለምትጭኑት ሰውም አንድ ጓንት ያዙ። እሱም ሲወድቅ እጁን ነው የሚዘረጋው።