ከባሕር ጎን መኖር፦ ውሃው፣ ነፋሱና ጨዉ

የባሕር ደስታ ሰዓት አለው። ጠዋት ሰፊ ሜዳ የነበረውን አሸዋ ከሰዓት ውሃ ይውጠዋል። ስለዚህ ከወንበርና ከጥላ በፊት የአካባቢውን የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ያዙ።

በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ዛሬ ረፋድ 3 ሰዓት ላይ ከጎደለ፣ ነገ የሚጎድለው 4 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ነው። በእርጥብ አሸዋ በባዶ እግር ለመሄድ፣ በዓለቶች መካከል በቀሩ ኩሬዎች ሸርጣን ለማየት ከጉድለቱ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ፤ ውሃው መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ። ብዙ ሰው ውሃው በእኩል ፍጥነት የሚመጣ ይመስለዋል። እንደ ግምት ግን በስድስቱ የሙላት ሰዓታት፣ በመጀመሪያው የሚጨምረው ከጠቅላላው ጭማሪ 1/12ኛ ብቻ ሲሆን በሦስተኛውና በአራተኛው 3/12ኛ፣ 3/12ኛ ነው። ከገደል ሥር ያለው መንገድ ሳይታሰብ የሚዘጋው ለዚህ ነው። አዲስ ወይም ሙሉ ጨረቃ ካለፈ በአንድ ሁለት ቀን በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ለረጅም የአሸዋ ጉዞ ምርጡ ጊዜ፣ ሰዓት ለሚረሳ ሰውም አደገኛው ያኔ ነው።

በጠራ ቀን የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚሞቅ ረፋዱ ላይ ነፋስ ከባሕር መግባት ይጀምራል፣ ከሰዓት ይበረታል፣ ሌሊት አቅጣጫው ይገለበጣል። ለዋና ውሃው ያልተናወጠበት ማለዳ ይሻላል። ነጭ አረፋ በሚያነሱ ሞገዶች መካከል ጠቆር ብሎ ጸጥ ያለ ሰርጥ ካያችሁ አትግቡበት፤ ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከወሰዳችሁ አትታገሉት፤ ከጉተቱ እስክትወጡ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ። ቤቱን ለማቀዝቀዝ የባሕሩን መስኮት ብቻ መክፈት አይበቃም፤ መውጫ የሌለው ነፋስ አይገባምና በተቃራኒው ግድግዳ ያለውንም ክፈቱ።

አሁን ወደ ጨዉ። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ነፋሱ ብናኙን ቤት ድረስ ያመጣዋል። ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ብረቱ በቅጡ አይደርቅም። ቶሎ የሚዝገውም ዝናብ የሚያጥበው ሳይሆን ከጣሪያ ክፈፍ ሥር የተጠለለው ማጠፊያና ብሎን ነው፤ ይህን ብዙዎች አያስተውሉም። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ፣ ሲደርቅ ዘይት ቀቡ። ሲገዙ ስቴንለስ ስቲል (ዝገትን የሚቋቋም ብረት) ከሆነ 316 የሚባለው ዓይነት 304 ከሚባለው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ካልታጠበ ይበልዛል። መስታወት በደረቅ ጨርቅ አይወለወልም፤ አብሮ ያለው አሸዋ ይፍቀዋል። መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ውሃ አፍስሱበት። የአየር ማቀዝቀዣውን የውጭ ክፍል ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ በቀስታ በሚወርድ ውሃ እጠቡ፤ ኃይለኛ ግፊት ስስ ክንፎቹን ያጣምማል። ልብስም የሚሰጣው በማለዳ ነው፤ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይደርስበት ይሰብሰብ።