አሮጌ የእንጨት ዳክዬ መሰብሰብ እንዴት ይጀመራል?

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ከገቡ ቀለሙ የተላላጠ የእንጨት ዳክዬ ማየትዎ አይቀርም። ዲኮይ ይባላል፤ የአዳኝ መሣሪያ ነበር። አዳኙ ውኃ ላይ ያንሳፍፈዋል፣ በሰማይ የሚያልፉት ዳክዬዎች ወገናቸው መስሏቸው ሲወርዱ ይተኩሳል። ዳክዬ እያደኑ ለገበያ ማቅረብ በ1918 በሕግ እስኪከለከል ድረስ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የገበያ አዳኞች በመቶዎች የሚቆጠሩ ያንሳፍፉ ነበር።

1. ከመግዛትዎ በፊት ዓይንዎን ያሠልጥኑ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ሜሪላንድ፣ ሀቭር ደ ግሬስ ያለው የዲኮይ ሙዚየም ሩቅ አይደለም። በዚያው ግዛት ክሪስፊልድ የኖሩት ወንድማማቾች ሌምና ስቲቭ ዋርድ ፀጉር አስተካካዮች ነበሩ፤ ዛሬ የጠረቧቸው ዳክዬዎች በጨረታ በውድ ይሸጣሉ።

2. አንድ መስመር ይምረጡ፦ አንድ አካባቢ ወይም አንድ የወፍ ዓይነት። ለጀማሪ ከ1896 እስከ 1924 ዲትሮይት ውስጥ ይሠራ የነበረው የሜሰን ፋብሪካ ተራ ምርቶች ይሻላሉ፤ በብዛት ስለተሠሩ ለማነጻጸር ይመቻሉ።

3. ገልብጠው ሆዱን ይዩ። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው። ሚዛን የሚጠብቀው የእርሳስ ብረት፣ የመልሕቁ ገመድ የሚታሰርበት ቀለበት፣ የተነቀለ ምስማር ቀዳዳ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ የስም ፊደል ሊገኝ ይችላል። ፊደሉ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ነው፤ ሻጩ “የጠራቢው ፊርማ ነው” ቢልዎት አይቸኩሉ። ያረጀ ዕቃ የሚያልቀው እጅና ገመድ በነካው ቦታ ነው። ከጭንቅላት እስከ ጭራ እኩል የተፋቀ ካዩ ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገ ሊሆን ስለሚችል ይጠርጥሩ።

4. ቀለሙን ይመርምሩ። አዳኞች ቀለሙ ሲለቅ ደግመው ይቀቡት ስለነበር የመጀመሪያው ቀለም ያልተነካበት ዳክዬ ብርቅ ነው፤ ዋጋውም በእጅጉ ይለያል። ጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲያበሩበት በኋላ የተነካካው ብዙ ጊዜ ከቀሪው ተለይቶ ይታያል። አንገቱ ላይ የስብራት መስመር ይፈልጉ።

5. አያድሱት። አይፋቁት፣ በሳሙና አይጠቡት፣ አይቀቡት። አሮጌ ቀለም መርዛማ የሆነው የእርሳስ ብረት ሊኖረው ስለሚችል ልጆች እንዳይደርሱበት ያድርጉ፤ ከፀሐይና ከማሞቂያም ያርቁት።

6. ጨረታ ከገቡ ዳክዬው ስላለበት ሁኔታ የጽሑፍ መግለጫ ይጠይቁ። የማሳቹሴትሱ ኤልመር ክራውል የጠረባቸው ሁለት ዲኮዮች በ2007 እያንዳንዳቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠዋል፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ ባለበት አስመሳይም አይጠፋም። ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደገዙ ከፎቶው ጋር ደብተር ላይ ይመዝግቡ፤ በዳክዬው ላይ ግን ምንም አይለጥፉ።