ረቂቅ አዋጅ ሳይጸድቅ እንዴት ይነበባል? ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ነዋሪ

የክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ሲያወጣ አብዛኛው ሰው የሚሰማው በዜና ነው። ዜናው የአዋጁን ስምና ዓላማ ይነግረናል፤ ቤት አከራዩ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ዓሣ አስጋሪው ወይም ዘጌ ላይ ቡና ያለው ገበሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን ወረቀት እንደሚያወጣና ስንት እንደሚከፍል ግን አይነግረንም። ይህ ያለው ከረቂቁ አራት ቦታዎች ላይ ነው፦ ከትርጓሜው፣ “በመመሪያ ይወሰናል” ከሚሉት አንቀጾች፣ ከቅጣቱና ከመሸጋገሪያ ድንጋጌው። ረቂቁ ገና ቋሚ ኮሚቴ ዘንድ እያለ እነዚህን ያነበበ ነዋሪ አንዲት ቃል ሊያስለውጥ ይችላል። ከጸደቀ በኋላ ያችኑ ቃል ለመለወጥ ሌላ ማሻሻያ አዋጅ ያስፈልጋል።

የያዙት ወረቀት ምንድን ነው?

አዋጅ የሚያወጣው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚያወጣው መስተዳድር ምክር ቤቱ (የክልሉ ካቢኔ)፣ መመሪያ ደግሞ የሚመለከተው ቢሮ። ሦስቱን ሳይለዩ አስተያየት የሚያቀርቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ድካማቸው ከንቱ ይቀራል፤ የአገልግሎት ክፍያው በመመሪያ የሚወሰን ሆኖ ሳለ “ክፍያው በዛ” ብሎ ለምክር ቤት መጻፍ በር መሳት ነው። ስለዚህ የሽፋኑን ገጽ ይመልከቱ፦ ረቂቅ አዋጅ፣ ረቂቅ ደንብ ወይስ ረቂቅ መመሪያ? የተዘጋጀበት ወርና ዓመተ ምሕረትስ አለው? አንድ ረቂቅ ከቢሮ ወደ መስተዳድር ምክር ቤት፣ ከዚያም ወደ ምክር ቤቱ ሲያልፍ የአንቀጽ ቁጥሩ ይለዋወጣል። በስልክ ከሰው ሰው የሚዞረው ፋይል የቆየው ቅጂ ሊሆን ስለሚችል፣ የትኛው ቅጂ ላይ ውይይት እየተደረገ እንደሆነ ረቂቁ የተመራለትን ቋሚ ኮሚቴ ይጠይቁ።

ረቂቁን ሲጠይቁ ሐተታ ዘምክንያቱንም አብረው ይጠይቁ። ረቂቁ ምን እንደሚያዝ ይናገራል፤ ሐተታው ለምን እንዳዘዘ ያብራራል። አንድ አንቀጽ ከሐተታው ምክንያት ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ለአስተያየትዎ ከዚያ የበለጠ መነሻ አያገኙም። ሁለቱንም አዘጋጁ ቢሮ የሕግ ክፍል ዘንድ፣ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ወይም የአካባቢዎ ተመራጭ ዘንድ መጠየቅ ይቻላል። በቃል ጠይቀው ካልተሳካ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል፣ መልስ የሚሰጥበትንም ጊዜ 30 ቀን ያደርገዋል። ሠላሳ ቀን ለረቂቅ ረጅም ነውና ዜናው በተሰማ ሳምንት ማመልከት ይበጃል።

የዓመት ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። የክልሉ ሕጎች የሚታተሙት በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ነው። በአማርኛው 252/2009 ተብሎ የተጻፈው የገጠር መሬት አዋጅ በእንግሊዝኛው፣ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ 252/2017 ነው፤ ሁለት ሕግ አይደለም። “ይህ አዋጅ አዋጅ ቁጥር እገሌን ያሻሽላል” የሚል ረቂቅ ሲያገኙ የድሮውን አዋጅ በትክክለኛው ቁጥር ፈልገው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ማሻሻያ አዋጅ ብቻውን አይነበብም፤ “በአንቀጽ 12 ‘እና’ የሚለው ‘ወይም’ በሚል ተተክቷል” የሚል አንድ መስመር አሮጌው አጠገቡ ከሌለ ትርጉም የለውም። ከጎኑ ሲቀመጥ ግን ሁለት ማስረጃ ይጠየቅ የነበረ ሰው አሁን አንዱ እንደሚበቃው፣ ወይም ተቃራኒው እንደሆነ ያሳያል።

ክልሉ በጉዳዩ ላይ ሥልጣን አለው?

ይህን ለማየት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። የ1987ቱ የፌዴራል ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ክልሎች መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የፌዴራሉ ሕግ በሚያወጣው መሠረት እንዲያስተዳድሩ ይላል። አንቀጽ 55 የሠራተኛ ጉዳይ ሕግን፣ የንግድ ሕግንና የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን ለፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል፤ ክልሎች የወንጀል ሕግ ማውጣት የሚችሉት በፌዴራሉ ሕግ በግልጽ ባልተሸፈነ ጉዳይ ብቻ ነው። አንቀጽ 97 ክልሎች ግብርና ታክስ የሚጥሉባቸውን ይዘረዝራል፦ የግል ነጋዴ ትርፍና ሽያጭ፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ ከግል ቤትና ከሌላ ንብረት የሚገኝ ገቢ፣ እንዲሁም በክልሉ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ ከሚሰጥ የትራንስፖርት አገልግሎት የሚገኝ ገቢ። የመጨረሻው የጣናን የጀልባ ባለቤቶች በቀጥታ ይነካል፤ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ግብሩ የክልል ጉዳይ ነው።

ከመጨረሻው ወደ ፊት ይነበባል

መግቢያው “...በመሆኑ” እያለ የሚደረድረው ምክንያት ነው፤ ግዴታ አይጥልም። ለጊዜው ይለፉትና መጨረሻ ገጽ ላይ ይጀምሩ። እዚያ አራት ነገር አለ፦ የተሻሩ ሕጎች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ፣ ደንብና መመሪያ የማውጣት ሥልጣን፣ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ።

“በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል” ካለ፣ ምክር ቤቱ እጅ ያወጣበት ቀን መነሻ አይሆንም። የስድስት ወር እፎይታ ተሰጥቶ ከሆነ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን እንደሆነ የሚታወቀው በዚህች ዐረፍተ ነገር ነው። መሸጋገሪያው ደግሞ የነበረ ውልን፣ የነበረ ፈቃድን፣ የተጀመረ ክርክርን ምን እንደሚያደርግ ይነግራል። ረቂቁ መሸጋገሪያ ከሌለው ይህ ራሱ ጉድለት ነው፤ ትናንት በአሮጌው ሕግ ፈቃድ ያወጣ ሰው ነገ ሕገ ወጥ ይሁን አይሁን ሳይታወቅ ይቀራል፣ ክፍተቱንም የሚሞላው መስኮት ላይ ያገኙት ባለሙያ ይሆናል። የቅጣት አንቀጽ ካለ ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 22 አይርሱ፦ ሲፈጸም ወንጀል ባልነበረ ድርጊት ማንም አይቀጣም።

ትርጓሜ፦ ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል

በአብዛኛው አንቀጽ 2 ነው፤ ሰዎች አሰልቺ ነው ብለው የሚዘሉትም እሱን ነው። አንድ ምሳሌ በቅርብ እንመልከት። ቀጥሎ ያለው ለማሳያ የተጻፈ እንጂ ለምክር ቤት የቀረበ ረቂቅ አይደለም፦

“‘ጀልባ’ ማለት በሞተርም ሆነ ያለሞተር በውሃ ላይ የሚንቀሳቀስ ማናቸውም ማጓጓዣ ነው።”

ወረድ ብሎ “ማንኛውም የጀልባ ባለቤት ለእያንዳንዱ ጀልባ ፈቃድ ያወጣል” ይላል እንበል። ባለ ሞተሩ ጀልባ ይገባዋል፤ ያለሞተር የሚለው ግን ከደንገል የሚሠራውን ታንኳም ይጨምራል። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው፤ ባለቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ አዲስ ይሠራል። ፈቃዱ “ለእያንዳንዱ ጀልባ” ከሆነ በሠራ ቁጥር ፈቃድ ማውጣት ሊኖርበት ነው። ረቂቁን የጻፈው ሰው ይህን አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት በዓይነ ሕሊናው የነበረው የመዝናኛ ጀልባው ብቻ ነው። ሕጉን የሚያስፈጽመው ሰው ግን የሚያነበው የጻፈውን ሰው ሐሳብ አይደለም፤ ቃሉን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ትርጓሜ በራስዎ ዕቃ፣ ሥራና ቤት ይፈትኑት፦ እኔን ይይዛል? ጎረቤቴንስ? ሊይዝ የማይገባውን ይዟል?

ግሶቹንና ማያያዣዎቹን ያስምሩ

እርሳስ ይያዙ። “አለበት”፣ “ይኖርበታል”፣ “ያወጣል” ግዴታ ናቸው፤ “ይችላል” ፈቃድ ነው። “ቢሮው ካሣ ይከፍላል” እና “ቢሮው ካሣ ሊከፍል ይችላል” የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ነዋሪው ላይ “አለበት”፣ መሥሪያ ቤቱ ላይ “ይችላል” ብቻ የበዛበት ረቂቅ ሚዛኑ ያጋደለ ነው፤ ይህንንም በአንቀጽ ቁጥር ማሳየት ይቻላል።

ሁለት ሐረጎች ደግሞ በጣም ይምታታሉ። “የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ” ሲል ንዑስ አንቀጽ 1 ሳይነካ ይቀጥላል፤ አዲሱ በላዩ ይጨመራል። “የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ ቢኖርም” ሲል አዲሱ የበላይ ሆኖ የመጀመሪያውን ይሽራል ወይም ልዩ ሁኔታ ያበጅለታል። ንዑስ አንቀጽ 1 ላይ መብት አይተው የተደሰቱ ሰዎች ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ “ቢኖርም” የምትለዋን ስለማያዩ መብቱ የቀረባቸው መሆኑን የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

“ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል” የሚለውን በሙሉ ቆጥረው ገጹ ጠርዝ ላይ ይመዝግቡ። የማመልከቻ ቅጽና የፎቶ ብዛት በመመሪያ ቢወሰን ችግር የለውም። የክፍያ ጣሪያ፣ የቅጣት መጠን፣ ፈቃድ የሚነጠቅበት ምክንያት በመመሪያ ይወሰን ሲባል ግን በምክር ቤት ሊነገር የሚገባው ነገር ከምክር ቤት ወጣ ማለት ነው። እዚህ ላይ ትክክለኛው ጥያቄ “መመሪያው ይቅር” ሳይሆን “ጣሪያው አዋጁ ውስጥ ይግባ” የሚለው ነው።

ወደ ኪስዎ ያምጡት

አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ፤ በግራ ዛሬ ያለውን፣ በቀኝ ረቂቁ የሚያመጣውን ይጻፉ። መሥመሮቹ አራት ይበቃሉ፦ ብር፣ ቀን፣ ማስረጃ፣ የሚኬድበት ቦታ። ለምሳሌ የቤት ኪራይን እንውሰድ። የፌዴራሉ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ የውል ዘመንም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል፤ በክልል ከተሞች የሚፈጸመው ግን ክልሉ በሚወስናቸው ነው። ግሽ ዓባይ አካባቢ በወር 6,000 ብር የሚከራይ ቤት አለ እንበል። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ቢጠይቅ 36,000 ብር ነው፤ በሁለት ወር ጣሪያ 12,000 ብር ይሆናል። ተከራዩ በአንድ ጊዜ ማግኘት የነበረበት 24,000 ብር ቀረለት ማለት ነው። በአከራዩ በኩል ደግሞ በዚያ ገንዘብ የቤቱን ቆርቆሮ ሊቀይር አስቦ ከነበረ ሌላ ምንጭ መፈለግ አለበት። ሁለቱንም ወገን የሚያሳይ ስሌት ኮሚቴ ፊት ክብደት አለው፤ የአንዱን ብቻ የያዘ አቤቱታ ይመስላል።

ቀንንም እንደ ብር ይቁጠሩ። ምዝገባው ባሕር ዳር ብቻ ከሆነ ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት ለሚመጣ ሰው አንድ ማኅተም ሙሉ የሥራ ቀንና የጀልባ ዋጋ ነው፤ “ነገ ይምጡ” ከተባለ እጥፍ ይሆናል። ይህን በቁጥር ይጻፉት።

አስተያየቱን ማቅረብ

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ለእያንዳንዱ ነጥብ አራት ነገር ብቻ፦ የአንቀጽ ቁጥር፣ አሁን ያለው ቃል፣ እንዲተካ የሚፈልጉት ቃል፣ ምክንያት። በታንኳው ምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

“አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 7፦ ‘በሞተርም ሆነ ያለሞተር’ የሚለው ወጥቶ ‘በሞተር ኃይል’ በሚል ይተካ። ምክንያት፦ የደንገል ታንኳ በዓመት ደጋግሞ ስለሚሠራ ለእያንዳንዱ ፈቃድ ማውጣት አይቻልም፤ በሐተታ ዘምክንያቱ የተጠቀሰው የተሳፋሪ ደኅንነትም በታንኳ ለራሱ ሥራ የሚቀዝፈውን ሰው አይመለከትም።”

“ሕጉ ሕዝቡን ይጎዳል” የሚል ደብዳቤ ተነቦ ይቀመጣል፤ ባለሙያው ከእሱ ወስዶ ረቂቁ ውስጥ የሚያስገባው ቃል የለውም። ተለዋጭ ቃል ያለው ግን በቀጥታ ወደ ውሳኔ ሐሳቡ ሊገባ ይችላል።

ደብዳቤው ለቋሚ ኮሚቴው ይጻፍና ለአካባቢው ተመራጭና ለአዘጋጁ ቢሮ ግልባጭ ይደረግ። በሁለት ኮፒ መዝገብ ቤት ይውሰዱ፤ አንዱ ይቀራል፣ በሌላው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይያዙ። ያለ ገቢ ቁጥር የተሰጠ ደብዳቤ ቢጠፋ እንደተሰጠ የሚያሳይ ነገር አይኖርም። ማኅበር፣ ዕድር ወይም የዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ካለ በማኅበሩ ማኅተም ይግባ፤ መቶ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከሚያስገባ መቶ ፊርማ የተያያዘበት አንድ ደብዳቤ ለማንበብም ለመመለስም ይቀላል።

የውይይት መድረክ ከተጠራ ረቂቁን አስምረው ይዘው ይግቡ። ዕድል ሲሰጥዎ በአንቀጽ ቁጥር ይጀምሩ፣ ተለዋጩን ቃል ያንብቡ፣ “ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ” ብለው ይቀመጡ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከመድረኩ በኋላ በቃል የተናገሩትን በጽሑፍ ማስገባት ግድ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ያሳጥራል፣ ያሳጠረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩንና ተለዋጩን ቃል ነው።

አዋጁ ሲጸድቅ የታተመውን ዝክረ ሕግ አግኝተው ያስመሩበትን አንቀጽ ያመሳክሩ። ከዚያ ገጹ ጠርዝ ላይ የመዘገቧቸውን “በመመሪያ ይወሰናል” የሚሉ አንቀጾች ዝርዝር ይዘው ወደ ቢሮው የሕግ ክፍል ይሂዱና የመመሪያው ረቂቅ መቼ ለውይይት እንደሚቀርብ ይጠይቁ።